ዓይን ሲጨፈን የሚጠፋው ጸናጽል

መሪጌታ አላምረው ከትውልዱ ጋር ተጣልተዋል። ከአንድ ከሁለት ሰው ጋር ቢሆን ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቅ ነበር፤ እሳቸው ግን የተጣሉት ከተማሪውም፣ ከሚኒባስ ረዳቱም፣ ከሱቅ ጠባቂውም፣ ከገዛ ቤተሰባቸውም ነው። ምነው ቢሏቸው መልሳቸው አንድ ነው። «የዘንድሮ ሰው አፉን ከፍቶ አይናገርም። ቃሉን ያላምጥና መልሶ ይውጠዋል። ምን ዓይነት ጉድ ነው!»

ጆሮዎን ይታዩ ብሎ የደፈረማ ወዮለት። ቤታቸው የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ካለበት ከአዘዞ ነው፤ አውሮፕላኑ ገና ከተራራው ማዶ ሲያጉረመርም ከሰፈሩ ሁሉ ቀድመው ቀና የሚሉ እሳቸው ናቸው። «መጣ!» ይላሉ፣ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው። «ደንቆሮ ነው እንግዲህ ይህን የሚሰማ?»

ይህ የአውሮፕላን ነገር የባለቤታቸውን የወይዘሮ ወለተሩፋኤልን አንጀት ያሳርረዋል። የሰማዩን የሚሰማ ሰው የጓዳውን እንዴት አይሰማም? በር ላይ ቆመው ጉሮሯቸው እስኪነቃ «ምሳ ቀርቧል!» ይላሉ፤ ወይ ፍንክች። ስልኩ ከጋቢው ሥር ይጮሃል፤ ዝም። የአጥቢያው ቄስ በዚያ በወፍራም ድምፃቸው ከደጅ ሆነው «እንደምን አደራችሁ» ካሉ ግን ሰውየው ወዲያው «እግዚአብሔር ይመስገን!» ይላሉ። እንግዲህ ሴትዮዋ ምን ይበሉ? ይህ ሰው የሚሰማው የፈለገውን ብቻ ነው፣ እኔን መስማት ደግሞ ከሰለቸው ቆይቷል ብለው ደመደሙ። ማን ይፈርድባቸዋል!

መሪጌታ የጭልጋ ገበሬ ልጅ ናቸው። አኩፋዳቸውን አንግተው ጎንደር የገቡት ገና ድምፃቸው ሳይጎረምስ ሲሆን፣ ዜማ የተማሩትም ከየኔታ ዕንባቆም እግር ሥር ነው። የኔታ ዕንባቆም ተማሪ ሲያሳስት ጮኸው የማይቆጡ፣ «አይደለም፤ እንደገና» ብቻ የሚሉ ሰው ነበሩ። አንዷን ሐረግ «አይደለም፤ እንደገና» እየተባሉ ሰሞን ሙሉ ሲደጋግሙ መክረማቸውን መሪጌታ ዛሬም ያወራሉ። ምልክቱ መጽሐፉ ላይ አለ፤ ድምፁ ግን ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የሚሄደው፣ ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ አደራው ከባድ ነው፤ የተቀበሉትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ለተከታዩ ማስረከብ። መሪጌታ አላምረው በዚህ ምድር የሚፈሩት ነገር ቢኖር ይህን አደራ ማበላሸት ነው። ድህነትንም፣ ሞትንም እንዲያ አይፈሩም።

በጉልምስናቸው ጆሯቸው ስመ ጥር ነበር። ተማሪው ሁሉ ባንድ ላይ ሲያዜም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን መቋሚያው ላይ አስደግፈው ያዳምጡና «አንተ ከኋላ፣ ምን ነካህ?» ይሉ ነበር። መምህር ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል፤ በጉባኤ ቤት ልማዱ ይህ ነው። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መሪጌታ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ጸናጽሉ ይጠፋል። ከበሮው አለ፣ ድም ድም ይላል። የተማሪው ድምፅ አለ። ጸናጽሉ ግን የለም። ዓይናቸውን ገለጥ ሲያደርጉ ጸናጽል በየተማሪው እጅ እየተወዛወዘ ሽል ሽል ይላል። ይጨፍናሉ፤ ጭጭ። እንግዲህ አስተዋይ ሰው ከዚህ ምን ይረዳል? መሪጌታ የተረዱት ተማሪዎቹ እንደሚያሾፉባቸው ነው።

«ዓይኔን ስጨፍን ታቆማላችሁ!» ብለው ጮኹ አንድ ቀን። «ያላየሁ መሰላችሁ? ምን ዓይነት ስንፍና ነው! ለእግዚአብሔር አገልግሎት እጃችሁን ማንሳት ከበዳችሁ?»

የተማሪው አለቃ ዲያቆን የሺዋስ ግራ ገብቶት «የኔታ፣ ኧረ አላቆምንም» አለ።

«ትዋሽና ትደግማለህ! ምታ! ይሰማ! ድምፃችሁንም አውጡት፣ ምን ያሽኮረምማችኋል!»

መቱ። በየቀኑ «ይሰማ!» ሲባሉ በየቀኑ አጠንክረው መቱ። የጸናጽሉ ዘንግ እስኪጎብጥ ድረስ መቱ። ጎረቤት ልጅ ማስተኛት አቃተን ብሎ አቤት አለ። ከነዚህ ሁሉ ተማሪዎች አንዱ እንኳ «የኔታ፣ እርስዎ ነዎት የማይሰሙት» አላለም። እንዴት ይበል? የኔታ ያሉት ይያዛል፣ የኔታ የሰጡት ይወሰዳል፤ የኔታን ተሳስተዋል የሚል ተማሪ በዚያ አገር ገና አልተወለደም። ሸጋ ልማድ ነው፤ አንዳንዴ ግን ሰው ያሳብዳል።

ነገሩ የፈረጠው በለቅሶ ቤት ነው። ጎረቤታቸው አያ ቢያዝን አረፉ። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ጠዋት እያለቀሱ ነገሯቸው፣ መሪጌታም ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ፤ መነቅነቁን ከተካኑበት ቆይተዋል። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀመጡና ዙሪያውን ቃኙ። ከዚያም ደንቆሮ ሰው በሚያወራበት በዚያ ትልቅ ድምፅ፣ «ምነው፣ አያ ቢያዝን ዛሬ የት ሄደ? ለሰው ለቅሶ የማይቀር ሰው!» አሉ።

የሟች ሚስት እማማ ሸዋአየሁ ደረታቸውን እየደቁ እንደ አዲስ ጮኹ። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር፤ ባትውጣቸው ጊዜ ባላቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጎትተው አወጡ።

«በስመ አብ! አንተ ሰውዬ፣ ምን ብታደርገኝ ይሻልሃል? ሰውየውን ቀብረህ መጥተህ የት ሄደ ትላለህ?»

«አያ ቢያዝን ሞተ?» አሉ መሪጌታ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ። «እኔ የሸዋአየሁ ዘመድ መስሎኝ! ምነው ሳትነግሪኝ?»

ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ቀጥ ብለው ሄደው አራዳ መድኃኒት ቤት ለምትሠራው ልጃቸው ለፀደንያ ደወሉና «ነይ አባትሽን ውሰጂልኝ፤ ወይ እሱ ይታከማል፣ ወይ እኔ ገዳም እገባለሁ» አሏት።

መሪጌታ ለመሄድ የተስማሙት «ኩክ ነው፤ ይጠረግልኝና እመለሳለሁ» ብለው ነው። ሐኪም ቤቱ ውስጥ ሚስጥር የምትባል የመስማት ምርመራ ባለሙያ ተቀበለቻቸው። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብታ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፋችላቸውና ቁልፍ አስጨበጠቻቸው። «መሪጌታ፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይህን ይጫኑ» ብላ ከመስተዋቱ ማዶ ተቀመጠች።

አሁን ይህን ስሙልኝ። ሰውየው በመስተዋቱ በኩል የልጅቱ እጅ ይታያቸዋል። እጇ መሣሪያው ላይ ንቅንቅ ሲል እሳቸው ቁልፉን ጫን! ንቅንቅ ሲል ጫን! ለማታለል አስበው አልነበረም፤ እሳቸው እንደሆነ የሰሙ መስሏቸዋል። በዚህ ዓይነት ውጤቱ የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ጆሮ ሊሆን ነው። ሚስጥር ፈገግ አለችና ተነሥታ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዞረችው።

ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። መሪጌታ ጠበቁ። አልፎ አልፎ ጉም ጉም የሚል ነገር ሲመጣ ይጫናሉ፤ ከዚያ ጭራሽ ምንም። ቢጠብቁ ቢጠብቁ የለም። መጨረሻ ላይ ማዳመጫውን አውልቀው በንዴት ወጡ። «ልጂቱ ምሳዋን ልትበላ ሄደች መሰለኝ! ሽማግሌ እንዲህ ተዘግቶበት ይቀመጣል?»

«አባየ፣ እዚሁ ናት» አለች ፀደንያ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ስታሰማህ ነበር። እኔ እንኳ ከውጭ ሆኜ ሰማሁት።»

ሚስጥር አስቀምጣ አስረዳቻቸው። ውስጠኛው ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠመጠመ ነው አለች። ውስጡ ጸጉር የሚመስሉ ረቂቅ ነገሮች ተተክለዋል፤ ድምፅ ሲገባ ይወዛወዛሉ፣ የነሱን መወዛወዝ ነርቩ ተቀብሎ ለአንጎል ያደርሳል። ወፍራሙን ድምፅ የሚቀበሉት ከመጨረሻው ጥግ ያሉት ሲሆኑ ቀጭኑን የሚቀበሉት ግን በሩ ላይ ያሉት ናቸው። ድምፅ ሁሉ ሲገባ በነሱ ላይ ረግጦ ስለሚያልፍ በዕድሜ ቀድመው የሚያልቁት እነሱ ናቸው። ያለቀ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

«ስለዚህ አውሮፕላኑንና ከበሮውን ይሰማሉ። የወንድ ድምፅም ደህና ነው። ጸናጽል፣ የወፍ ጫጫታ፣ የስልክ ጥሪ፣ የሴት ድምፅ ግን ቀጭን ስለሆነ ያመልጥዎታል።»

አብረው የመጡት ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ያን ሁሉ ዘመን ያኮረፉት፣ ወጡን ያቀዘቀዙት፣ ጀርባ ሰጥተው የተቀመጡት እንግዲህ በከንቱ ነው? አዘኑ። አዝነው ደግሞ ተናደዱ፤ ሰው የገዛ ኩርፊያው እንኳ ይወሰድበታል?

መሪጌታ ግን እጅ አልሰጡም። «ውሸት ነው! ጸናጽል እሰማለሁ። ዓይኔን የገለጥሁ እንደሆነ ጥርት አድርጌ እሰማለሁ!»

ሚስጥር ጥቂት አሰበችና ከጠረጴዛው ላይ የቁልፍ ዘለላ አነሣች። ፊታቸው ላይ ይዛ ነቀነቀችው። «ይሰማዎታል?»

«እንዴታ! ሲንሿሿ።»

«አሁንስ?» አለችና ደግማ ነቀነቀች።

«ሰማሁ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ! ስንት ጊዜ ልናገር?»

ፀደንያ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ሚስጥር እጇን ዘረጋችና መዳፏን ከፈተች፤ ሁለተኛውን ጊዜ ቁልፎቹን ጨምድዳ ይዛ የቀለበቱን ጫፍ ብቻ አሳይታ ነበር የነቀነቀችው። ቅንጣት ድምፅ አልወጣም።

«ዓይንዎ የሚወዛወዝ ነገር ሲያይ» አለች በቀስታ፣ «አንጎልዎ ከድሮው ዕቃ ቤቱ ድምፁን አውጥቶ ይሰጥዎታል። ሁላችንም እንዲያ ነን፤ ጆሮ ያጎደለውን ልማድ ይሞላዋል። ሰው የጎደለው አይመስለውም።»

መሪጌታ የቁልፉን ዘለላ ከእጇ ወስደው ጆሯቸው ሥር ነቀነቁት። ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። «ዜማስ? በቃሌ የማውቀውን ዜማ?»

«እሱማ ይባስ ይሞላዋል። የሚያውቁት ነገር ቢበላሽ እንኳ ለእርስዎ ደህና ሆኖ ሊሰማዎት ይችላል።»

እስከ አዘዞ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱን እንኳ አልተቆጡትም። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ይህን ጊዜ ነው በእውነት የፈሩት።

ሚስጥር ያዘዘችላቸው የመስሚያ መሣሪያ ጆሯቸው ላይ የገባ ቀን ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ይህች ዓለም እንዲህ ኮተታም ነበረች እንዴ? ፌስታል ይንኮሻኮሻል። ነጠላ ጫማ ይንጓጓል። ማንኪያው ሳህኑን ይፍቃል። የገዛ ጋቢያቸው ይንሿሿል፣ የገዛ መንጋጋቸው እንጀራ ሲያላምጥ የእህል ወፍጮ ይመስላል። ድምፁም ቢሆን የድሮው አይደለም፤ ሁሉም በቆርቆሮ ውስጥ አልፎ የመጣ ይመስላል።

«ምሳ ቀርቧል!» አሉ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል በለመዱት ጩኸት።

«ኧረ አትጩኺ! ምን ያስጮኽሻል? አጠገብሽ ነኝ!»

«አትጩኺ?» ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ጭልፋውን እንደያዙ ቀሩ። «አትጩኺ አለ! ስንት ዓመት አስጩኸኸኝ ጉሮሮዬን ካነቃኸው በኋላ አትጩኺ አለ! እግዜር ይይልህ!» ከዚያ ግን ሳቅ መጣባቸው፤ ሳቁም መለስ ብሎ እንባ ሆነ።

በነገታው መሪጌታ ጉባኤ ቤት ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በሉ» አሉ።

ጸናጽሉ ከየአቅጣጫው ወረደባቸው። «አቁሙ! አቁሙ! ምንድን ነው ይህ? ጣሪያ ነው የምታፈርሱ? ጸናጽል እንዲህ ነው የሚመታ?»

ዲያቆን የሺዋስ መሬት መሬት እያየ «ይሰማ ብለውን ነው፣ የኔታ» አለ።

ይህንስ ዋጡት። ጸናጽሉን አስቀምጡና ዜማውን ብቻ በሉ አሏቸው። ተማሪዎቹ ጀመሩ፤ ደህና ሄዱ፣ ደህና ሄዱ፣ ከሐረጉ መጨረሻ ሲደርሱ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ማረፍ ከሚገባው ቦታ ላይ፣ ሁሉም ባንድነት ዘጭ አሉ። እየጎተቱ፣ እየሻከሩ ወደቁ። አንዱ ቢሳሳት አንዱን ይቆጡ ነበር፤ ሁሉም ባንድ ልክ ነው የወደቁት። የተማሩትን ነው የሚሉት።

«ይህን ከየት አመጣችሁት?»

ተማሪዎቹ ሁሉ ወደ የሺዋስ ዞሩ።

«ንገሩኝ እንጂ! የትኛው መናፍቅ ነው ያስተማራችሁ?»

«ከእርስዎ ነው፣ የኔታ» አለ የሺዋስ።

«ከኔ? እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም! ስሙ!» አሉና ራሳቸው አዜሙት። ከዚያች ቦታ ደረሱ። በራሳቸው ውስጥ ዜማው ከፍ አለ፣ የኔታ ዕንባቆም እንዳስያዟቸው ሆኖ ከፍ አለ። በመሣሪያው በኩል ወደ ጆሯቸው የገባው የገዛ ድምፃቸው ግን ዘጭ አለ። ደገሙት። ዘጭ። ሠለሱት። ዘጭ።

መቋሚያቸው ላይ ተደገፉ። «ታውቁ ነበር?»

«የቀድሞ ተማሪዎችዎ ሌላ ዓይነት ሲሉት ሰምተናል» አለ የሺዋስ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «እኛ ግን እርስዎ እንዳሉት ያዝን።»

«ምነው ታዲያ አልነገራችሁኝም! ምነው!» ብለው ጮኹ፣ ይህን ጊዜ ግን በቁጣ ብቻ አልነበረም። «አደራዬን በላሁት እኮ! አብራችሁኝ በላችሁት!» ሊያርሙት ደግመው ሞከሩ፤ ወዴት እንደሚያነሡት ግን ራሳቸው ግራ ገባቸው። መሣሪያው አንድ ነገር ይላል፣ ትዝታቸው ሌላ ይላል፤ የትኛውን ይመኑ? ትዝታ እንኳ የራሱን ጉድጓድ ራሱ ሲሞላ እንደኖረ ሰምተዋል። የኔታ ዕንባቆም ካረፉ ዘመን አልፏል፤ የሚጠየቅ ሰው የለም።

አንድ ሰው አለ። መሪጌታ አምሐ። ከመሪጌታ አላምረው ተምሮ የተመረቀው ጆሯቸው ገና ደህና በነበረበት ዘመን ነው፤ አሁን ትክል ድንጋይ ከምትባለው ከተማ ያስተምራል። ተማሪዎቹን «እስክመለስ አንድ ሐረግ እንዳታዜሙ!» ብለው አሰናበቱና መናኸሪያ ወረዱ።

ትክል ድንጋይ ሲደርሱ የገበያ ቀን ነበርና ሰዉ ተጋፍቶ መንገድ አሳጣቸው፤ ፍየሉ፣ መኪናው፣ ሻጩ ሁሉ በዚያ መሣሪያ በኩል ባንድ ላይ ራሳቸው ውስጥ ሲንጫጫ እየረገሙ አለፉት። አምሐ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ካለችው ጎጆ ደጅ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ተቀምጦ ነበር። መምህሩን ሲያይ ብድግ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ተደፋ። «የኔታ! ምነው ሳይልኩብኝ? እኔ እመጣ አልነበር? ይቀመጡ፣ ወንበሩ የእርስዎ ነው።»

መሪጌታ ወንበሩን አልፈው ከጀማሪዎቹ መሐል ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ኧረ የኔታ! ምነው እንዲህ ያሳፍሩኛል?»

«ተቀመጥ፣ አምሐ። ጆሮዬ ሄዷል። ሲሄድ ሳላውቅ አስተምሬበታለሁ። በል፣ ያችን ከፍ ብላ የምታርፈዋን የሐረጉን መጨረሻ በላት።»

አምሐ ላብ ላብ እያለው ተቀመጠና አዜመ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያች ቦታ ሲደርስ ድምፁ ከፍ አለ፣ ተንሳፈፈ፣ ቀስ ብሎ ዐረፈ። አለች። አልጠፋችም። ደስታው እንደ ሕመም ያዛቸው።

«አሁን እኔ ልበል» አሉ። «ስሳሳት ንገረኝ።»

አዜሙ። አምሐ እጁን እያሻሸ «ሸጋ ነው፣ የኔታ» አለ።

«ደሜን አታፍላው! ሸጋ ነው ይላል! ለዚህ ለዚህማ አዘዞ ሙሉ ተማሪ ሸጋ ነው የሚለኝ አለልኝ! በይሉኝታህ ዜማዋን ልትገድላት ነው? እንደገና እላለሁ፤ እውነቱን ካልነገርኸኝ ከዚህ ድንጋይ አልነሣም።»

ደግመው አዜሙ። ጀማሪዎቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ፤ ከመካከላቸው ቀና ብሎ ለማየት የደፈረ አልነበረም። አምሐ ግንባሩን በነጠላው ጠረገ።

«አይደለም» አለ፣ ሊሰማ በማይችል ድምፅ።

መሪጌታ ሰምተዋል። ግን «አልሰማሁም!» አሉ።

«አይደለም፣ የኔታ!» አለ አምሐ ጮክ ብሎ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ። «ይወድቃል። እንደገና!»

የቆየ ቁጣቸው ገንፍሎ መጣ። ከዚያ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉና «እሺ» ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩ።